እስከ ጥምቀት ታገሺ

«ሰጠኝ በሕይወት አለ። ገዳሪፍ ነው ያለው፤ ያየው ሰው አለ።»

አያ የሻው ይህችን ወሬ ከዓምና ፋሲካ ጀምሮ በሰንበቴ ያወራታል፣ በለቅሶ ቤት ያወራታል፣ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ በሬ ሲያስማማ እንኳ መሐል ላይ ጣል ያደርጋታል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው «እሰይ፣ እግዜር ይመስገን» ይለው ነበር። ቆይቶ «እህ» አለው። ከዚያ ወዲያማ ወሬዋ እንደተቀደደ ከበሮ ሆነች፤ ቢመታትም የሚያጨበጭብላት ጠፋ።

ዞራ ዞራ ጎንደር ገባችና ቀሐ ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥበውን ሐረገወይንን አገኘቻት። ሰጠኝ የሐረገወይን አባት ነው። ወሬዋን ያመጣችላት ከወገራ ቅቤ ይዛ የመጣች ሴት ናት፤ የምሥራች መስሏት ሽልማት ለመቀበል እጇን ልትዘረጋ ምንም አልቀራት።

ሐረገወይን የያዘችውን ኩታ ጠብታ እስኪያልቅበት ጨመቀችው።

«ማን ነገረሽ?»

«አያ የሻው።»

«እንግዲያማ እውነት ነው» አለች። «አባቴ የሚኖረው አያ የሻው ሆድ ውስጥ ነው። እዚያ ያልፈለገው ሌላ ቦታ አያገኘውም።»

ሴትዮዋ ምሥራቿን ይዛ ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰጠኝ በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጠብመንጃውን ይዞ ከጣሊያን ፊት በመተማ በኩል ሱዳን ሲሻገር፣ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለውን ርስቱን ለአጎቱ ልጅ ለየሻው በአደራ ትቶለት ሄደ። ሐረገወይን ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቷን የዚያኑ ክረምት ተስቦ ወሰዳት። ጣሊያን ወጣ፣ ጃንሆይ ተመለሱ፣ የተሰደደው ሁሉ አንድ አንድ እያለ ገባ፤ ሰጠኝ አልገባም። የሻው ግን ያርሳል። አሥራ ስድስት ዓመት አርሶ በላ። በአገሩ ልማድ ደግሞ ከሕያው አይወረስም፤ አባት እያለ ልጅ «ድርሻዬን» ብላ ደንበር አትረግጥም። እንግዲህ መሬቱን የያዘ ሰው «ባለቤቱ አለ» እያለ ቢምል ቢገዘት ምን ይደንቃል? ውሻ በበላበት ይጮኻል። ይህን ለማወቅ ዳዊት መድገም አያሻም።

ሐረገወይንን ያሳደጓት ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ናቸው። ከቀሐ በላይ ባለው ዳገት ላይ የድንጋይ ግቢ አላቸው። ማኅፀናቸው ልጅ አልያዘም፤ ቤታቸው ግን ያለ ልጅ አድሮ አያውቅም። የጦርነቱን፣ የተስቦውን፣ የፈንጣጣውን ልጅ እያነሡ ከሐረገወይን በፊት አራት አሳድገዋል። «እማዬ» ብሎ የጠራቸውን ጆሮውን ይዘው ያርሙታል። «እናትህ ሞታለች። እኔ እሜቴ ነኝ።» ጨካኝ ናቸው የሚል ሰው ነበር። ሐረገወይን ይህን የሚል ሰው አትወድም፤ እርሳቸውን የማማት መብት የእሷ ብቻ ነበር።

በሌላው ቤት ማደጎ ልጅ ጥርሱ እስኪረግፍ ውሃ ቀጂና እንጨት ለቃሚ ሆኖ ይቀራል። በወይዘሮ ወለተሩፋኤል ቤት ግን መውጫ ዓመት አለ። ልጁ ሲደርስ ከግቢው ሥር ካለችው ጎጆ ይገባል፤ ጎረቤቱ «መውጫ ቤት» ይላታል። የራሱ ማድጋ፣ የራሱ ወፍጮ፣ የራሱ ምድጃ ይኖረዋል። ከትልቁ ቤት ጨው አይለምንም፣ ወንፊት አይዋስም፤ ከሁሉ ይልቅ እሳት አይጭርም። እሳቱ የጠፋበት እንደሆነ ጎረቤት ይሂድ፤ ያውም አንዱን ደጃፍ ሁለት ቀን አከታትሎ ሳይረግጥ።

«እሳት ሲሰጡሽ እጃቸውን አትዪ፣ ፊታቸውን እዪ» አሏት ወይዘሮ ወለተሩፋኤል፣ ሐረገወይን ጎጆዋ በገባችበት ቀን። «ወዳጅና ጠላት በፍም ይለያል።»

በመጀመሪያው ሳምንት እሳቷ ሦስት ጊዜ ጠፋባት። በሦስተኛው ገል ይዛ ጎረቤታቸው ጽጌሬዳ ደጃፍ ቆመች።

«ምነው እቴ፣ ከዚያ ትልቅ ቤት እሳት አለቀ?» አለች ጽጌሬዳ፣ ትንሿን ፍም እየመረጠች።

«እሳቱስ ሞልቷል። ያንቺን ፊት እንዳይ ታዝዤ ነው» አለች ሐረገወይን። «አየሁት። በቃኝ።»

ፍሟን ሳትይዝ ተመለሰች፤ ያን ቀን ጥሬ ቆርጥማ አደረች። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ይህን ሰምተው፣ «መልሱ ሸጋ ነው፤ ሆዱ ግን ባዶ ነው» ብለው ሳቁ። በሚቀጥለው ቀን ያልታወቀ ሰው መውጫ ቤት ደጃፍ አንድ ቁና ሽምብራ አስቀምጦ ሄደ። ሐረገወይን ማን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ቁናው የማን ቤት እንደሆነ ታውቀዋለች።

ረቡዕና ዓርብ ችሎት ይወስዷታል። ሌላዋ እናት ለሴት ልጇ ስፌት ስታስተምር፣ እርሳቸው ሙግት አስተማሯት። ከግንቡ ሥር ከባለጉዳዩ መሐል ያስቀምጧትና በመቋሚያቸው ጎኗን እየነኩ፣ «ይህ አሁን ምን አጠፋ?» ይሏታል። ከሁሉ አብልጠው ያስጠኗት አንዲት ነገር ነበረች።

«ባላጋራሽ ሲጮህ አትፍሪ። ሲያለቅስም አትዘኚ። ቀጠሮ ሲለምን ግን ልብ በይ፤ ቀጠሮ የሚለምን እጁ ባዶ ነው። ዛሬ የሌለ ምስክር ነገ ከየት ይወለዳል? ቀጠሮ እንዳትሰጪ።»

«ቢቸግረውስ?»

«አንቺን ሲቸግርሽ ማን ቀጠረልሽ?»

ምኞታቸውም አንድ ነበር፤ የሐረገወይንም ያው። የአባቷን ርስት አስመልሳ፣ ከክረምት በፊት በገዛ መሬቷ ላይ ጎጆዋን ትቀልስ። «መሬት የሌላት ሴት ከማደጎ ቤት ወጥታ ባል ቤት ትገባለች» ይሉ ነበር። «ባል ሲያባርራት ጠላ ቤት ትገባለች። እኔ ልጅ አሳድጋለሁ እንጂ ጠላ ሻጭ አላሳድግም፤ አሮጊትም አላሳድግም። ውጪ።»

በኅዳር መባቻ ሐረገወይን ጨው በጫነ ማኪና ላይ ተቀምጣ አምባ ጊዮርጊስ ወጣች። ብቻዋን ነበረች። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሻላቸውም አይከተሏትም ነበር፤ መውጫ ዓመት ነው።

ጭቃ ሹሙ አያ ዳኛው ከሽማግሎች ጋር ወይራው ሥር ተቀምጧል። የሻው ከወዲያ ማዶ ቆሟል፤ ረጅም፣ ጎባጣ፣ ጋቢው የተጣፈ ሰው ነው። የተጣፈ ጋቢ መልበሱን ሐረገወይን በልቧ ታዘበችው፤ ለችሎት ብሎ ነው አለች።

ዘሯን ቁጠሪ ተባለች። ከአባቷ ተነሥታ፣ «ሰጠኝ፣ የሰጠኝ አባት ቢያዝን» ብላ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ስምንት ትውልድ ትንፋሿ ሳይቆረጥ ወጣች። የእናት ጡት ሳይሆን የማደጎ እንጀራ ያሳደጋት ልጅ ይህን ሁሉ ስታወርድ ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ዘሯን አልካድሁም» አለ የሻው። «የሰጠኝ ልጅ ናት። አፏም የእሱ ነው። ሰጠኝ ግን አለ።»

«የት?» አለ ዳኛው።

«ገዳሪፍ።»

«ማን አየው?»

«አብዱልጀሊል የሚባል የጎንደር ነጋዴ። ዛሬ እዚህ የለም፤ ሱዳን ወርዷል።»

«ምስክርህ ሱዳን፣ ባለርስቱ ሱዳን» አለች ሐረገወይን። «ምነው አያ የሻው፣ መሬቱን ብቻ እዚህ አስቀረኸው? እሱም ሱዳን በሄደና ባረፍነ።»

ሽማግሎቹ ሳቁ። የሻው አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ጥቂት ቀረብ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለችሎቱ ሳይሆን ለእሷ የሚናገር መሰለ።

«እስከ ጥምቀት ታገሺ።»

«ምን ሊመጣ?»

«ልኬበታለሁ። እስከ ጥምቀት ብቻ።»

ሐረገወይን የወይዘሮ ወለተሩፋኤል መቋሚያ ጎኗን ሲነካት ተሰማት። ይኸው መጣች፤ የባዶ እጅ ልመና። ስንቱ ባላጋራ በዚያ ግንብ ሥር «እስከ ፋሲካ፣ እስከ መስቀል» እያለ የድሃ ዕድሜ ሲበላ አይታለች። የአብዱልጀሊል ቤት እዚያው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነው፤ ከመውጫ ቤት ተነሥቶ እሳት ጭሮ ፍሙ ሳይጠፋ የሚመለሱበት መንገድ ነው። እሱ ባይኖር ሚስቱ አለች። ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር። ሐረገወይን ግን ወሬው ከየት እንደመጣ ጠይቃ አታውቅም፤ ማን እንደሚያወራው ማወቋ በቅቷት ነበር።

«ቀጠሮ አልሰጥም» አለች።

ዳኛው ጭራውን አወዛወዘ። «እኔ ሰጠኝን አለም ሞተም አልል» አለ በመጨረሻ። «በአገራችን ሰው ሞተ የሚባለው መቃብሩ ሲታይ ነው፤ አለዚያም ተዝካሩ ሲወጣ። መቃብሩ የለም። እንግዲያው ተዝካሩን አውጪ። ካህናት ይፍቱት፣ አገር ይብላ። በማግስቱ መሬቱ ያንቺ ነው።»

ጾመ ነቢያት ሊገባ ነበርና ፍሪዳ የሚታረደው ከገና በኋላ ነው። ጥር ሦስት ቀን ተባለ።

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ለመውጫዋ ብለው አንዲት ጊደር ሰጥተዋት ነበር፤ ወልዳ ወተት እንድትሆናት። ገብስም ነበራት፣ አንድ ጋን ማርም፣ ዓመቱን ሙሉ ፈትላ ያስሸመነችው ጥንድ ኩታም። ሁሉም ለተዝካሩ ሆነ። ለኑሮ የተሰበሰበው ለሞት ወጣ። «መሬቱ ይመልሰዋል» አለች ሐረገወይን፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ከገና በኋላ ካህናቱ አንድ ነገር ጠየቁ፤ የአባቷን የክርስትና ስም። ፍትሐት «ሰጠኝ» ተብሎ አይደረስም። ሐረገወይን ስምንት አያቶቿን በቃሏ ታውቃለች፤ የአባቷን የክርስትና ስም ግን አታውቅም። ሦስት ዓመት ለሆናት ልጅ ማን ይነግራታል? የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሄደች። የሻው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርባል። ሚስቱ ወተት አቀረበችላት፤ አልተቀበለችም።

«ስሙን ፈልጌ ነው» አለች።

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «መሬቱን ውሰጂ። የዘንድሮውን እህልም ውሰጂ፤ ተወቅቶ ተከምሯል። ለሕያው ሰው ፍትሐት ስም ግን አልሰጥም። ነፍስ አለብኝ።»

«አሥራ ስድስት ዓመት ስትበላ ነፍስህ የት ነበረች?»

«እዚሁ። ያኔም አደራ ነበር፣ ዛሬም አደራ ነው።» እጁን በጋቢው ጠረገ። «ጥምቀት እኮ ደረሰች፤ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረ። ዘጠኝ ቀን፣ ልጄ።»

«ልጅህ አይደለሁም። ጠላው ተጠምቋል፣ ካህናቱ ተጠርተዋል።»

«ጠላ ይደፋል።»

«ያልለፋበት ይድፋው» ብላ ወጣች።

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ለተዝካሩ በበቅሎ መጥተው በአንድ ዘመድ ቤት አርፈው ነበር። ነገሩን ሰምተው ብዙም አልተጨነቁ።

«ኃይለ ሚካኤል በያቸው።»

«እሜቴ፣ እውነት ስሙ ነው?»

«አሁን ሆነ።» ከዚያ ፊቷን አይተው ጨመሩበት። «እግዜር የሚፈታውን ያውቃል። ካህናቱ የሚፈልጉት የሚጠሩትን ነው። አንቺ የምትፈልጊው መሬትሽን ነው። ክረምት ሲመጣ ስም አይጠለሉበትም።»

ጥር ሦስት ቀን ኃይለ ሚካኤል የሚባል ማንም የማያውቀው ሰው ተፈታ። ጊደሯ ታረደች። ዳሱ ሞልቶ ሰው ውጭ ተቀመጠ፤ ከደንቢያም፣ ከጭልጋም ሳይቀር ዘመድ ነኝ ያለ መጣ። ጠላው አልቀጠነም። «ወንድ ልጅ ቢወልድ እንዲህ አይወጣለትም ነበር» አሉ። ሐረገወይን ይህን እየሰማች በሰው መሐል ቀጥ ብላ ትመላለሳለች። ማልቀስ ነበረባት፤ እንባው እምቢ ቢላት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። የማያውቁትን ሰው እንዴት ያለቅሱለታል? አባቷን የምታስታውሰው በጠብመንጃ ማንገቻ ሽታ ብቻ ነው፤ እሱም የእሱ ይሁን የሌላ ሰው እርግጠኛ አይደለችም።

የሻው መጣ። ከዳሱ አፍ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም። እንጀራ ቢያቀርቡለት በእጁ መለሰ። «ደንበሩን ነገ አስረክባለሁ» አለው ዳኛውን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ መንገዱን ይዞ ሄደ። መሬት የሙጥኝ ያለ ሰው እንዲህ አይለቅም። ይህች ሐሳብ በሐረገወይን ልብ ብልጭ ብላ ነበር፤ «የተሸነፈ ሲያኮርፍ ነው» ብላ አጠፋቻት። እሳት ማጥፋት እንደሆነ ተምራበታለች።

በማግስቱ የሻው ከደንበር ደንበር እየመራ ድንጋዩን አንድ በአንድ አሳያት። አንዲት ጥማድ አልደበቀም። የምንጩን መውረጃ አሳያት፣ ውርጭ የሚበዛበትን ጎን አሳያት፣ «እዚህ ላይ ባቄላ እንጂ ስንዴ አትዝሪ» አላት።

ጎጆዋን በሚያዝያ ቀለሰች። መሬቷን በእኩል ታሳርሳለች፤ አራሿ አላምረው ሰነፍ ነው፣ እርሷ ግን ከማሳው ዳር ቆማ በምላሷ ታርሳለች ይሏታል። ማግባት የፈለጉም መጡ። «መሬቴን ነው እኔን?» ስትላቸው በመጡበት ተመለሱ። በሦስተኛው ዓመት ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ዐረፉ። ጎንደር ወርዳ ቀበረቻቸው፤ አፈሩ ሲመለስ «እማዬ» አለች። ጆሮዋን የሚይዝ አልነበረም።

የሻውን ሰላም ብላው አታውቅም። መንገድ ላይ ሲያገኛት ከሩቅ ጎንበስ ይላል፤ ፊቷን ወደ ማሳው ታዞራለች። እሱም «ሰጠኝ አለ» ማለቱን ከተዝካሩ ወዲህ ትቷል። ውሸቱ ስላላዋጣው ነው ትል ነበር።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ተልባ ይዛ ወጣች። ጺሙን ሂና የቀባ አንድ እስላም ነጋዴ ተልባውን በመዳፉ እየዘገነ ነፋ ነፋ አደረገ።

«ንጹሕ ነው። የማን ቤት ነው፣ ደግሞ እንድመጣ?»

«ሐረገወይን ሰጠኝ ብለህ ብትጠይቅ ያሳዩሃል።»

ነጋዴው መዳፉን ዘቅዝቆ ተልባውን ቀስ ብሎ ወደ ስልቻው መለሰ።

«የሰጠኝ ቢያዝን ልጅ?»

«ነኝ። አባቴን የት አውቀኸው? ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው።»

«እኔ ሲቀበር የቆምሁት አምና ኅዳር ነው» አለ። «ገዳሪፍ። አብዱልጀሊል እባላለሁ።»

ሐረገወይን ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ አልመጣም። የስልቻውን አፍ በሁለት እጇ ያዘች።

«‹ከመሞቴ በፊት አትንገራት› ብሎ አባትሽ አስምሎኝ ነው ዝም ያልሁ» አለ አብዱልጀሊል። «ለየሻውም ሳልነግረው ቀረሁ። አሁን መሐላዬ ወርዷል። አባትሽ እናትሽን የወሰደው ተስቦ አንቺንም የወሰደሽ ይመስለው ነበር፤ መተማ ላይ አንድ ስደተኛ እንዲያ ነግሮት፣ ቤት የለኝም ብሎ እዚያው ቀረ። ኋላ የሻው በእኔ በኩል ቃል ላከበት። ‹ልጅህ አለች፤ ሞተሃል ብላ ርስትህን ልትረከብ ነውና ድረስ› የሚል ነበር። ቃሉ ሲደርሰው እግሩ ቆስሎ ተኝቷል። በሦስተኛው ቀን ከእኔ ቅፍለት ጋር ተነሣ፤ ግማሹን መንገድ በአህያ ጭኜ አመጣሁት።»

«የት ድረስ?»

«ጭልጋ፣ አይከል ድረስ። ገበያው ውስጥ በማኪና ከወገራ የተመለሱ የጭልጋ ሰዎች አገኘን። ሲያወሩ ስለ ሰጠኝ ቢያዝን ተዝካር ነው። ሰጠኝ አጠገባቸው ተቀመጠ። ምን ታረደ አላቸው፤ ጊደር አሉት። ጠላውስ በቃ ወይ አላቸው፤ ተርፎ ፈሰሰ አሉት። መሬቱንስ አገኘች ወይ አላቸው፤ በማግስቱ ተረከበች አሉት። ‹የተበላ ተዝካር አይመለስም፤ እኔ ከገባሁ ልጄ በአገር ፊት ሐሰተኛ ትሆናለች› አለኝ። በዚያው ቀን ወደ መተማ ከሚወርዱ ጋር ተመለሰ።»

ከወዲያ፣ ከበሬ ተራው ጫፍ፣ የሻው ጎባጣ ጀርባውን ሰጥቶ ከአንድ ሰው ጋር በሬ ያስማማ ነበር።

«ቀኑ ስንት ነበር?» አለች ሐረገወይን።

«ጥር አምስት» አለ አብዱልጀሊል። «ለጥምቀት ስድስት ቀን ይቀረው ነበር።»